የኢያሪኮ ምንጭና የአዋሽ ወንዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የኢያሪኮ ሰዎች ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ቀርበው ከተማቸው ለመኖሪያ የተመቸች ብትሆንም ውኃዋ ክፉ መሆኑን ነገሩት። ነቢዩም ወደ ምንጩ ወጥቶ ጨው ጣለበት፤ በእግዚአብሔርም ስም ውኃው ተፈወሰ (2ኛ ነገ. 2፥19-22)። ይህ ታሪክ አዳማንና በዙሪያዋ ያሉትን የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያስታውሰናል። ሥፍራቸው መልካም ነው፤ ውኃቸው ግን ሁለት ፈተና አለበት።

ከምድር የመጣው

የስምጥ ሸለቆ ዐለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ስለሆነ ከብዙ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚህ እጅግ የበለጠውን እየጠጡ የሚያድጉ ሕፃናት ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ለብዙ ዘመን የጠጡትም አጥንታቸው ይጎዳል። ስለዚህ ጥርሱ በበለዘ ወንድማችን ላይ መሳለቅ አይገባም፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና። ብዙዎቻችን ውኃውን ማፍላት መፍትሔ ይመስለናል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲቀንስ የቀረው ይበረታል። በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ግን ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል።

ከሰው እጅ የመጣው

አዋሽ ተገድቦ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ከአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ፣ ከሞጆም በሞጆ ወንዝ የሚወርደውን ሁሉ ይቀበላል። የከተማ ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካ ተረፈ ምርትና ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ በአንድነት ይገባሉ። ከዚህም የተነሣ ሐይቁን አረንጓዴ የሚያደርጉ፣ አንዳንዶቹም መርዝ የሚያመነጩ ጥቃቅን ሕዋሳት ይራባሉ፤ መርዙም በማፍላት አይጠፋም። አዳማ ከአዋሽ ተቀድቶ የተጣራ ውኃ ትጠጣለች፤ ቧንቧ ያልደረሰላቸው የገጠር ወገኖቻችን ግን ከወንዙና ከሐይቁ እንዳለ ይቀዳሉ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል ጥሩውን ውኃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን በጎች ይወቅሳል (ሕዝ. 34፥18-19)። የላይኛው ያደፈረሰውን የታችኛው ይጠጣዋል። እንግዲህ ፍሳሽን ሳያጣሩ ወደ ወንዝ መልቀቅ ደንብ መጣስ ብቻ አይደለም፤ በባልንጀራ ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ንስሓም ያስፈልገዋል። ይህን የሚያዝም፣ የሚፈጽምም፣ አይቶ የሚያልፍም ከዚህ በደል ነጻ አይሆንም።

እኛስ ምን እናድርግ?

በጸሎተ ቅዳሴ ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ እንማልዳለን፤ የማለድንለትን ልንጠብቀው ይገባል። በጥምቀት በዓል ታቦታቱን ያጀብንበትን ሥፍራ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን አንመለስ። የሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ምእመናን የሚቀዱት ውኃ እንዲመረመር ይጠይቁ፤ ዝናብ የሚጠራቀምበትንም ገንዳ በየአጥቢያው ያሠሩ።

ሕጉም ይረዳናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ በበካዩ ላይ ለፌዴራል ወይም ለክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የኢያሪኮ ሰዎች ችግራቸውን ለነቢዩ ባይናገሩ ኖሮ ክፉውን ውኃ እየጠጡ በቀሩ ነበር። እኛም ዝም አንበል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።