ከጀሪካን የሪል ፍሬን አይወጣም

ጎበዝ፣ ዛሬ እጄ የገባውን የዓሣ ማጥመጃ ሪል ብታዩት እናንተም ትናደዱ ነበር። ባለቤቱ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ሮክፊሽ ሊያጠምድ ወጥቶ፣ ዓሣው ገና ሩጫ ሲጀምር ክሩ ጧ ብሎበት ተመለሰ። "ክሩ አርጅቶ ይመስለኛል፣ እስቲ ሪሉንም እየው" ብሎ ሰጠኝ። ስፈታው የድራጉ ሮንዴላዎች ከዘይት ጀሪካን በመቀስ የተቆረጡ ናቸው። አንዱ ቀልጦ ብረቱ ላይ ተለጥፏል፣ ሌላው ሳስቶ ጠርዙ ወደ ውጭ ፈስሷል። "ማን ሠራልህ?" ብለው "ቪዲዮ አይቼ ራሴ" አለኝ። ቪዲዮውንም አሳየኝ። ሰውዬው በሙሉ ልብ "የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ሁሉ ይሆናል" እያለ ያስተምራል። ከሥሩ የምስጋና መዓት።

እኔ አዲስ አበባ ቶርኖ ላይ ያደግሁ፣ አሁን ሜሪላንድ ብረትና ፕላስቲክ እየቆረጥኩ፣ በትርፍ ሰዓቴ ሪል የምጠግን ሰው ነኝ። ይህን አይቼ ዝም ብል ሙያው ይታዘበኛል።

ሪል እንዴት እንደሚፈታ፣ ሮንዴላዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገቡ አልነግራችሁም። ስትፈቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ በዚያው ቅደም ተከተል መልሱ፣ አለቀ። ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

1. መፈለግ ያለባችሁ መንሸራተትን አይደለም። ድራግ ፍሬን ነው። ሥራው ክሩ ከመበጠሱ በፊት፣ ወጥ በሆነ ጉልበት እየያዘ መልቀቅ ነው። የተጫነ ጋሪ ለማስነሳት የሚፈጀው ጉልበትና ከተነሳ በኋላ ለመግፋት የሚበቃው ጉልበት አንድ እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሮንዴላም እንደዚያው ነው። መነሻው ከሩጫው በጣም ከበለጠ ፍሬኑ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ይላል። ክር የሚበጥሰው ይሄ ነው።

በቁጥር እንየው። ክራችሁ 9 ኪሎ የሚችል ነው እንበል። በልማዱ ድራጉ የክሩ አቅም ሲሶ ላይ ይስተካከላል፣ ማለትም 3 ኪሎ። ሮንዴላው ለመነሳት 40 በመቶ ተጨማሪ የሚፈልግ ከሆነ የመጀመሪያው ንጥቂያ 4.2 ኪሎ ሆነ። ዓሣው ክር ወስዶ ጥቅሉ በዲያሜትር ወደ ግማሽ ከወረደ ደግሞ፣ ፍሬኑን ማንም ሳይነካው ክሩ ላይ ያለው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። እናም እዚያ ላይ ቆሞ እንደገና ሲነሳ 8.4 ኪሎ ነው። ቋጠሮ ደግሞ የክሩን ሙሉ አቅም አይሸከምም። ከዚያ በኋላ "ክሩ አርጅቶ ነው" ይባላል!

ከፕላስቲኮች ቴፍሎንና ዴልሪን የሚመረጡት ለዚህ ነው፤ መነሻቸውና ሩጫቸው ተቀራራቢ ነው። ቴፍሎን እንዲያውም ለፍሬን ከልክ በላይ ያንሸራትታል። ብረት ላይ ያለው የፍትጊያ መጠን ከ0.05 እስከ 0.1 ስለሆነ እንዲይዝ አጥብቃችሁ መጫን አለባችሁ፤ አጥብቃችሁ ስትጭኑት ደግሞ ሳይሞቅም ቀስ በቀስ ይፈሳል። ዴልሪን 0.2 አካባቢ ስለሆነ ያን ያህል መጫን አያስፈልገውም፣ ቅርጹንም ይጠብቃል። እንግዲህ "በጣም ያንሸራትታል" የሚለውን ምስጋና ለበረዶ መንሸራተቻ አስቀምጡት።

ሌላው ተረት "ሰፋ ያለ ሮንዴላ የበለጠ ይይዛል" የሚለው ነው። የመያዝ አቅምን የሚወስኑት የምትጫኑት ጉልበት፣ የሚፋተጉት ገጾች ብዛት፣ የፍትጊያው መጠንና ፍትጊያው ከመሃሉ ያለው ርቀት ናቸው። ስፋት የሚጠቅመው ሙቀትና ማለቅን ለማከፋፈል ነው።

2. ሙቀት። 3 ኪሎ በግምት 30 ኒውተን ነው። ዓሣው 100 ሜትር ክር በ10 ሰከንድ ከወሰደ 3000 ጁል፣ ማለትም 300 ዋት፣ ከሳንቲም ብዙም በማይበልጥ ቁራጭ ላይ አረፈ። ፕላስቲክ ሙቀት እምብዛም አያሳልፍም፤ ቴፍሎን ከአሉሚኒየም ከ500 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ሙቀቱ የሚፋተገው ገጽ ላይ ይቆያል፣ የሚያወጡት በመሃል ያሉት የብረት ሮንዴላዎች ብቻ ናቸው። "ብረቱን አንድ ቀንሼ ወፍራም ፕላስቲክ አስገባሁ" የምትሉኝ ወንድሞች፣ የሙቀቱን መውጫ በር ነው የዘጋችሁት። የጀሪካን ፖሊኤትሊን 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ዴልሪን እንደ ዓይነቱ ከ165 እስከ 175፣ ቴፍሎን 327።

በ3ዲ ማተሚያ ከፒኤልኤ አትመው የሚልኩልኝ አሉ። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ሐምሌ ላይ ፀሐይ የዋለበት መኪና ውስጥ ከተዋችሁት ሪሉ ውሃ ሳያይ ሥራው አልቋል።

3. የያዛችሁት ፕላስቲክ ምን እንደሆነ እወቁ። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። መርካቶም ሂዱ፣ እዚህ አሜሪካም በኢንተርኔት እዘዙ፣ ነጭ የሆነ ሁሉ "ቴፍሎን" ተብሎ ይሸጣል። ናይሎኑም ቴፍሎን፣ ዴልሪኑም ቴፍሎን፣ አንዳንዴ ፒቪሲውም ቴፍሎን! ሻጩን "የመረጃ ወረቀት አለው?" ስትሉት እንደ ሰደባችሁት ያያችኋል። ብረት የሚሸጥ ሰው ላሜራ በስቴንለስ ዋጋ ቢሸጥ ያንገላቱታል። ፕላስቲክ ሲሆን ግን ማንም አይጠይቅም። የሙያ ትምህርት ቤቱም ያው ነው። እኔ በተማርኩበት ጊዜ የብረት ዓይነት በቃል ሸምድደናል፤ ስለ ፕላስቲክ የሰማነው "በዝግታ ቁረጡት" የምትለዋን ብቻ ነበር። ቴፍሎን የነካ እጅ ሳትታጠቡ ሲጋራ አትያዙ ያለን መምህር አልነበረም። ብናኙ ሲጋራው ላይ አርፎ ሲቃጠል ጭሱ እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ይህ ግድግዳ ላይ በትልቁ መለጠፍ ሲገባው፣ በእኛ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ የነበረው የዳይሬክተሩ ፎቶ ነው።

ቆይ፣ መለያውን ልንገራችሁ። ኪችን ሚዛንና ካሊፐር ይበቃል። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ መዝኑ። ቴፍሎን 55 ግራም ይሆናል። ዴልሪን 35 ገደማ። ናይሎን 28 ወይም 29። ፖሊኤትሊን 24 አካባቢ፣ እሱ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። ቁራጩ ትንሽ ከሆነና ሚዛናችሁ ካልለየው ውሃ ውስጥ ጨው እስኪበቃው አሟሙበት፤ ተራ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ናይሎን እዚያ ይንሳፈፋል፣ ዴልሪንና ቴፍሎን ግን ይሰምጣሉ። ፒቪሲ ክብደቱ ከዴልሪን ጋር ስለሚቀራረብ ያታልላል። ውጭ ወጥታችሁ የመዳብ ሽቦ አግሉና ፕላስቲኩን ነክታችሁ እሳቱ ላይ መልሱት፤ አረንጓዴ ከነደደ ፒቪሲ ነው፣ ጣሉት። ቴፍሎን ነው ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ግን በእሳት አትሞክሩ።

3ለ. ናይሎን። ጥሩ ፕላስቲክ ነው፣ ለማሽን ጥርስና ለቡሽ እወደዋለሁ። ለሪል ፍሬን አልፈልገውም። ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠግብ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ያብጣል። ቤት ያስተካከላችሁት ድራግ ባሕር ላይ ሌላ ድራግ ነው። ያዝ ለቀቅም ይወዳል።

የተሞላ ቴፍሎን ካገኛችሁ፣ በተለይ ካርቦን የገባበት ጥቁሩ፣ ከንጹሑ በጣም ይሻላል። ብዙ አይፈስም፣ ቶሎም አያልቅም። መስታወት የገባበትን ግን ከአሉሚኒየም ጋር አታፋትጉት፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። አንድ ገጹ ቡናማ የሆነ ቴፍሎን የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ እሱ ለማጣበቂያ ተብሎ በኬሚካል የተበላ ነው፤ ያንን ገጽ ለፍትጊያ አታውሉት።

ቱና ላጠምድ የሚል ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቁም። ለእሱ ካርቦን ፋይበር ነው፣ እንደ ፔን ኤችቲ-100 ያለ። ፕላስቲክ ለትንንሽና ለመካከለኛ ሪሎች፣ ለፍላይ ሪልም ነው።

አሁን አሠራሩ። ሰው ሁሉ ወደ ፕላስቲኩ ይሮጣል። መጀመሪያ ብረቱን አስተካክሉ! በፕሬስ የተመታ የብረት ሮንዴላ አንድ በኩል ስለታም ጠርዝ አለው፣ ያ ጠርዝ የትኛውንም ፕላስቲክ ይላጨዋል። ወፍራም መስታወት ላይ ባለ 400፣ ቀጥሎ ባለ 600 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሳችሁ፣ ሮንዴላውን በክብ ክብ እያዞራችሁ አሹት። ድፍን ወጥ ቀለም ሲይዝ ጠፍጣፋ ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ በሳሙና እጠቡት። ፕላስቲኩን ግን በብርጭቆ ወረቀት አትንኩ። አሸዋው ለስላሳው ፕላስቲክ ውስጥ ይቀበርና ሮንዴላችሁ ራሱ ሞረድ ይሆናል። ፕላስቲክ በስለት ብቻ ነው የሚሠራው።

1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሉህ ውሰዱ፤ ትክክለኛውን ውፍረት የሚነግራችሁ ግን የድሮዎቹ ሮንዴላዎች ድርድር ጠቅላላ ቁመት ነው። ካልገጠመ ወይ ዳዶው አይደርስም፣ ወይ ፍሬኑ አይለቅም። የመሃሉን ቀዳዳ በጓርኒሲዮን መብሻ ምቱ፣ ከሥር እንጨት አድርጉ። ከዚያ ብዙ ቁራጮችን አንድ ላይ በሁለት የአሉሚኒየም ክብ መሃል አጥብቃችሁ ቶርኖ ላይ ውጫዊውን አውርዱ። ስለቱ ለእንጨት የምትስሉትን ያህል የሰላ ይሁን። ውጫዊው ዲያሜትር ከሚገባበት ቤት 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ይነስ፣ ሲሞቅ መስፊያ ይፈልጋል። ቴፍሎን ስትለኩ ማይክሮሜትሩን አታጥብቁት፣ ይጨመቃል። የክፍሉንም ሙቀት አስቡ፤ ቴፍሎን 19 ዲግሪ አካባቢ ውስጡ ተለውጦ ይዘቱ (ቮልዩሙ) አንድ በመቶ ያህል ይጨምራል። ጠዋት በቀዝቃዛ ጋራዥ የለካችሁት ከሰዓት ለምን እንዳልገጠመ አሁን ገባችሁ።

ስትገጥሙ ስስ ግራሶ፣ ለድራግ የተሠራው። ከቆርቆሮ የሚነፋውን የዝገት ማላቀቂያ አትንፉበት፣ ግራሶውን አጥቦ ይወስደዋል። የልብስ ስፌት ዘይት የምታፈሱም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እሱንም ተዉት።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን መጣ? ሮንዴላው ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ ነው። አምራቹ ግን ሞዴሉን ካቆመ ጥቂት ዓመት በኋላ "ክፍሉ የለም" ይላል፣ ወይም ጥርሱን፣ ዘንጉንና ሮንዴላውን በአንድ ከረጢት ካልገዛህ ይልሃል፣ በአዲስ ሪል ዋጋ። ለአንዱ ድርጅት ውፍረቱን ብቻ እንዲነግሩኝ ጻፍኩ፤ የአዲስ ሞዴል ማስታወቂያ ላኩልኝ። ሰው ወደ ጀሪካን የሚሄደው ወዶ አይደለም፣ ይህን እረዳለሁ። ቪዲዮ ሠሪውን ግን አልረዳውም። እሱ ሮንዴላውን ገጥሞ በእጁ ሁለቴ ጎተተና "ይሠራል" አለ። ሚዛን የታለ?

ፈተናው እንዲህ ነው። የሞላ መንጠልጠያ ሚዛን ክሩ ላይ እሰሩ፣ ድራጉን 3 ኪሎ ላይ አስተካክሉ፣ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። መርፌው ሲነሳ የት ደረሰ፣ ሲሮጥ የት ቆመ? የሁለቱ ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ እኔ አልቀበለውም። ከዚያ አንድ ሰው ክሩን ይዞ ሜዳው ላይ ይሩጥ፣ ወዲያው ድጋሚ ለኩ። ከሞቀ በኋላ የተለወጠ ድራግ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። ከሥራ በኋላ ዳዶውን ፈታ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ተጭኖ የከረመ ቴፍሎን ሳስቶ ነው የሚጠብቃችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ የብረቱን ውጫዊና ውስጣዊ ዲያሜትር፣ የድርድሩን ቁመትና የፕላስቲኩን ክብደት ጻፉልኝ። ፎቶው ላይ ካሊፐሩ ይታይ። "ነጭ ነው፣ ያንሸራትታል" ብቻ ለሚለኝ አልመልስም።