«የሐበሻ ቀጠሮ» ባሕርይ አይደለም

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ታክሲ በዘገየ ቁጥር ከሰልፉ መካከል «ምን ይደረግ፣ የሐበሻ ቀጠሮ!» የሚል ድምፅ እንሰማለን። አባባሉ ቀልድ ቢመስልም አፍራሽ ነው፤ የመጓጓዣ እጥረትንና የአሠራር ጉድለትን የሕዝብ ባሕርይ ያደርጋልና። በባሕርይ ደግሞ ተጠያቂ አይኖርም።

ተጨባጩ ሁኔታ ግን ሌላ ነው። ይኸው ሕዝብ ዕቁቡን በቀኑ ይጥላል፤ የዕድር ጥሩንባ ሲነፋ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመውን አየር መንገድ እስከ አምስት አህጉራት ያበራል። ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ከምርኮኛነት ተነሥተው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆነዋል፤ ሰው በተወለደበት ሁኔታ ታስሮ እንደማይቀር ታሪካቸው ምስክር ነው።

ስለዚህ ብሩህ አመለካከት ችግርን በፈገግታ መሸፈን ሳይሆን፣ ምንጩን ለይቶ በኅብረት ማረም ነው። ሰልፈኛው «ሐበሻ ነን» ማለቱን ትቶ «ታክሲው ለምን ዘገየ?» ብሎ ሲጠይቅ መፍትሔው ይጀመራል።