ስሟ የገነነ፣ ብርቅ የሆነች፣ ፈጣን የሆነች መኪና ዋጋዋ አይወርድም? ተረትና እውነታ

ስለ ስፖርት መኪና ሲወራ የማይቀር አንድ እምነት አለ። ተራ መኪና ከመሸጫው ግቢ በወጣችበት ቀን ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል፤ ስሟ የገነነ፣ በቁጥር ጥቂት የሆነችና ፈጣን መኪና ግን የባለቤቷን ገንዘብ ጠብቃ ታቆያለች ይባላል። ነገር ግን ከሦስቱ መለኪያዎች አንዱም ብቻውን አይሠራም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ እንኳ ዋስትና አይሆኑም። ያገለገለች የስፖርት መኪና ዋጋዋን የምትይዘው ከእሷ በኋላ የመጣ ሞዴል ሊተካው ያልቻለ ነገር ሲኖራትና ያንን ነገር የሚፈልግ ገዢ ሲበዛ ነው። ይህን ለመመዘን ፌራሪ ኤፍ 40ን እና ጃጓር ኤክስጄ 220ን ጎን ለጎን ማቆም ይበቃል።

ኤፍ 40 እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣችው የፌራሪን 40ኛ ዓመት ለማክበር ነው፤ ኤንዞ ፌራሪ በ1988 ከመሞቱ በፊት ይሁንታ የሰጣት የመጨረሻዋ ሞዴልም እሷ ናት። መጀመሪያ የታሰበው 400 ያህል ለመሥራት ነበር፤ ፋብሪካው ግን ከ1,300 በላይ አወጣ። በ1992 ለገዢዎች መድረስ የጀመረችው ጃጓር በአንጻሩ 300 እንኳ አልሞላችም። ኤፍ 40 በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሮጥ ጃጓሯ ከ340 በላይ ትሄዳለች። በተለመደው እምነት ከሄድን፣ ብርቅም ፈጣንም የሆነችው ጃጓር ዛሬ መወደድ ነበረባት። በጨረታ ገበያ የሚታየው ግን ሌላ ነው፤ ደህና ሁኔታ ላይ ያለች ኤፍ 40 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስታወጣ ጃጓሯ በአብዛኛው ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ትዋልላለች።

ምክንያቱ ከጃጓሯ ታሪክ ይጀምራል። ጃጓር በ1988 በበርሚንግሃም ትርኢት ያሳየችው ባለ 12 ሲሊንደር ሞተርና በአራቱም ጎማ የምትነዳ መኪና ነበር። ገዢዎች 50,000 ፓውንድ ቀብድ ከፈሉ። የተረከቡት ግን ባለ 6 ሲሊንደር ቱርቦና በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ ነበረች፤ ዋጋዋም በመካከሉ ንሮ ነበር። መኪናን ለማትረፍ የመግዛት ንግዱ በ1990 ገደማ ሲፈርስ ከውሉ ለመውጣት ፍርድ ቤት የሄዱ ገዢዎችም ነበሩ። የቀራት መኩሪያ ፍጥነቷ ነበር፤ ፍጥነት ደግሞ በሚቀጥለው ሞዴል የሚነጠቅ ነገር ነው፣ ማክላረን ኤፍ 1ም ብዙ ሳይቆይ ነጠቃት። ኤፍ 40 በአንጻሩ የመሪ ማገዣ የላትም፣ ኤቢኤስ የላትም፣ ወለሏ ምንጣፍ የለውም፣ በሯ ከውስጥ የሚከፈተው ገመድ በመሳብ ነው። ይህን ዓይነት መኪና ዛሬ የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ የለም። የፈለገ ሰው ወደ እሷው መሄድ አለበት።

«ልዩነቱን ያመጣው የፌራሪ ስም ነው» የሚል ክርክር ይነሳል፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። ነገር ግን ስም ብቻውን ዋጋ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ከ1980 እስከ 1993 የተሠራችው ፌራሪ ሞንዲያል ለረጅም ጊዜ ከፌራሪዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ተርታ አትቆይም ነበር። ፖርሸን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። 911 በአሜሪካ ዋጋቸውን ከሚይዙ መኪኖች ግንባር ቀደም ናት፤ ያው ፋብሪካ የሚሠራት ኤሌክትሪኳ ታይካን ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ የአዲስ ዋጋዋን ግማሽ ገደማ ታጣለች። ከ911 ኋላ ተቀምጦ የሚጮኸውን ሞተር የሚወድ ሰው ከዚያው ውጭ አማራጭ የለውም፤ ታይካንን ግን የተሻለ ባትሪና ረዘም ያለ ርቀት ይዛ የምትመጣው አዲሷ ታይካን ራሷ ታስረጃታለች። በ911 ቤተሰብ ውስጥም ቢሆን እኩልነት የለም። ከ1997 መጨረሻ ጀምሮ የተሸጠችው 996 የምትባለው ትውልድ፣ ሞተሯ ውስጥ ባለች አንዲት ኩሽኔታ መሰበር ስሟ ጠፍቶ ለዓመታት ከ911 ሁሉ የረከሰች ሆነች። ያ ችግር የሌለበትን ሌላ ሞተር የያዙት የዚያው ትውልድ ቱርቦና ጂቲ 3 ግን ከእሷ በተሻለ ዋጋቸውን ይዘዋል። ገበያው አርማውን አልፎ ሞተሩን ያያል ማለት ነው።

ብርቅነትንም ቢሆን ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ታፈርሰዋለች። በ1989 ገበያ ላይ የዋለችው ይህች ባለ ሁለት ወንበር መኪና በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች፤ ከእሷ የበዛች ባለ ሁለት ወንበር ክፍት የስፖርት መኪና በዓለም ላይ የለችም። ያም ሆኖ ዋጋዋ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ቀላል፣ ርካሽ፣ ማርሿን በእጅ የሚቀይሩላትና ጋራዥ የማታዘወትር ተፎካካሪ ስላጣች። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፤ በፌራሪ ኤፍ 430 በእጅ የሚቀየረው ካምቢዮ በራሱ ከሚቀይረው ይዘገያል፤ ያገለገለችው ስትሸጥ ግን በእጅ የሚቀየረው ያላት እጅግ ትወደዳለች። ቀርፋፋው አሸነፈ ማለት ነው።

በጨረታ ስለሚሰማው ሚሊዮን ምን ይባላል? ፌራሪ 250 ጂቲኦ በ1962 በአሜሪካ 18,000 ዶላር ያህል ታወጣ ነበር፤ በ2023 ኒው ዮርክ ላይ አንዷ በ51.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ይህ እውነት ነው። እውነት የሆነው ሌላው ነገር ያው መኪና በ1960ዎቹ ማብቂያ ጊዜዋ ያለፈባት መወዳደሪያ ተብላ ከተገዛችበት በታች ትሸጥ እንደነበር ነው። የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው፤ ከእነሱ ተነስቶ ስለ ስፖርት መኪና ሁሉ መፍረድ ሎተሪ የደረሰውን ሰው አይቶ ሥራ እንደ መልቀቅ ነው። የዋጋ ንረትም ዓይን ያታልላል። በጥር 2022 በአሜሪካ ያገለገለ መኪና ዋጋ ከዓመቱ በፊት ከነበረው 40 በመቶ ገደማ ንሮ ነበር፤ መኪኖቹ የቺፕ እጥረት ፋብሪካዎችን ስላቆመ እንጂ ስለተሻሻሉ አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ያገለገለች ቶዮታ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ የምናየውም የብር መዳከም፣ የቀረጥ መክበድና በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ የተጣለው እገዳ የፈጠረው ነው። ከዚያ ተነስቶ አሜሪካ ወይም ዱባይ ላይ ኮርቬት መግዛት ቁጠባ ነው ብሎ መደምደም አያስኬድም።

«ካልተነዳች ዋጋ አትጥልም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ዋጋ ይጨምራል፤ ቆሞ መክረም ግን ጎማና ጉሚኒ ያደርቃል። የፌራሪ ቴስታሮሳ የሞተር ቺንጋ ተነዳችም አልተነዳችም በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ መውረድ ይኖርበታል። ይህ ወጪ፣ ኢንሹራንሱና የማቆሚያው ኪራይ በሻጩ የትርፍ ወሬ ውስጥ አይገቡም።

በመቶኛ መቁጠርም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ለምሳሌ በ130,000 ዶላር የተገዛች 911 ሃያ በመቶ ብቻ ብታጣ 26,000 ዶላር ሄደ። በ30,000 የተገዛች ኤምኤክስ 5 አርባ በመቶ ብታጣ የሄደው 12,000 ነው። በሠንጠረዥ ላይ 911 ታሸንፋለች፣ በኪስ ግን ማዝዳዋ። ስለዚህ የስፖርት መኪና ሊገዙ ያሰቡ አንባቢ ከመፈረምዎ በፊት የሰርቪስ መዝገቧን ይጠይቁ፣ የሞተሯን የታወቀ ሕመም ያጣሩ፣ የሚያጡትንም በመቶኛ ሳይሆን በዶላር ያስሉ። ለመንዳት ከሆነ ይግዙ፤ ለማትረፍ ከሆነ ግን ገንዘብዎን ሌላ ቦታ ያውሉት።