የዋሽንግተን ዲሲ በጀትና የመጠባበቂያ ገንዘቡ

ዋሽንግተን ዲሲ የከተማንም፣ የካውንቲንም፣ የስቴትንም ሥራ አንድ ላይ የምትሠራ ከተማ ናት። ቆሻሻ ማንሳቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱ፣ የድሆች የሕክምና ዋስትና የሆነው ሜዲኬይድ ሁሉም በአንድ የከተማ መንግሥት ትከሻ ላይ ነው። ዓመታዊ በጀቷ በቅርብ ዓመታት 21 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ የፌዴራል ድጎማ ቢኖርበትም ትልቁን ድርሻ የሚሸፍነው ከንብረት ግብር፣ ከገቢ ግብርና ከሽያጭ ታክስ የሚሰበሰበው የከተማዋ የራሷ ገቢ ነው። በዩ ስትሪትና በ9ኛው ጎዳና ያሉ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በእያንዳንዱ የምግብ ሂሳብ ላይ የሚያስከፍሉት 10 በመቶ ታክስም የሚገባው ወደዚሁ ካዝና ነው። ይህን ገንዘብ ለማውጣት ግን የከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ብቻውን አይበቃም። ከተማዋ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የሌላት የአሜሪካ ኮንግረስ በጀቱን የመከለስ፣ የመቀነስና የማገድ ሥልጣን አለው።

የገቢ ምንጩም በሕግ የታጠረ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሕንፃዎችና መሬቶች የንብረት ግብር አይከፍሉም። ከተማዋን በተመረጠ ከንቲባና ምክር ቤት እንድትተዳደር የፈቀደው የ1973 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሕግ ደግሞ፣ ዲሲ ውስጥ እየሠሩ ውጭ ከሚኖሩ ሰዎች የገቢ ግብር እንዳይሰበሰብ ይከለክላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ እያደረ ዲሲ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው የገቢ ግብሩን የሚከፍለው ለሜሪላንድ ወይም ለቨርጂኒያ ነው። የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2003 ባወጣው ጥናት፣ ከተማዋ መካከለኛ የሚባል አገልግሎት በመካከለኛ የግብር መጠን ብታቀርብ እንኳ በዓመት ከ470 ሚሊዮን እስከ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ክፍተት እንደሚገጥማት ገምቷል። ይህ ክፍተት ከአስተዳደር ድክመት ሳይሆን ከከተማዋ ባለሥልጣናት ቁጥጥር ውጭ ከሆኑ ምክንያቶች የሚመነጭ ነው።

በዚህ ላይ የወቅት ችግር አለ። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ተጀምሮ ሴፕቴምበር 30 ይዘጋል። ከትልልቆቹ የገቢ ምንጮች አንዱ የሆነው የንብረት ግብር የሚከፈለው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን የመክፈያ ቀኖቹ ማርች 31 እና ሴፕቴምበር 15 ናቸው። የሠራተኛ ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ ይወጣል፤ የሆስፒታሎችና የሥራ ተቋራጮች ክፍያም ማርችን አይጠብቅም። ስለዚህ በጀቱ በወረቀት ላይ ሚዛኑን የጠበቀ ቢሆንም፣ በክረምቱ ወራት ካዝናው ሊሳሳ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ይህ ቀዳዳ የሚደፈነው በዓመቱ መጨረሻ ከግብር በሚመለስ የአጭር ጊዜ ብድር ነበር። ብድሩ ወለድ አለው፤ አበዳሪው ባመነታ ቀን ደግሞ ደመወዝ ይቆማል።

አበዳሪው ያመነታበት ጊዜ በ1995 መጣ። የ1994 የበጀት ዓመት በ335 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት ተዘጋ። ማሪዮን ቤሪ ወደ ከንቲባነት በተመለሱ በሳምንታት ውስጥ የቀጣዩ ዓመት ጉድለት 722 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ይፋ ሆነ። የከተማዋ ቦንድ ባለሀብት ሊገዛው ከማይደፍረው ደረጃ ወረደ፤ ዕቃና አገልግሎት ያቀረቡ ነጋዴዎች ሂሳባቸው ሳይከፈል ወራት አለፉ። በኤፕሪል 1995 ኮንግረስ አምስት አባላት ያሉት የፋይናንስ ቁጥጥር ቦርድ አቋቁሞ፣ የተመረጡት ባለሥልጣናት በገንዘብ ላይ የነበራቸውን የመጨረሻ ውሳኔ ወሰደ። ነዋሪው የመረጠው መንግሥት በራሱ በጀት ላይ ተመልካች ሆነ። ይህ ውርደት የከተማዋን የገንዘብ ባህል እስከ ዛሬ የቀረጸ ነው።

ቦርዱን የፈጠረው ሕግ ዋና የፋይናንስ ኃላፊ የሚባል ሹመትም ፈጥሯል፤ ከዚያ ዘመን ከተረፉት ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው። ኃላፊው በከንቲባው ይሾማል፣ በምክር ቤቱ ይጸድቃል፣ ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ ከንቲባው ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያነሳው አይችልም። በዓመት አራት ጊዜ የገቢ ትንበያ ያወጣል፤ ከንቲባውም ሆነ ምክር ቤቱ ከዚያ ትንበያ በላይ ማቀድ አይችሉም። ሕግ ሲረቅም ወጪው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ያስታውቃል። ፖለቲከኛ የሚመኘውን ገቢ እንደተሰበሰበ ቆጥሮ በጀት እንዳይሠራ የሚያግደው ይህ አጥር ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ አንቶኒ ዊሊያምስ በኋላ ከንቲባ ሆነው ተመርጠዋል። በ1997 የፌዴራል መንግሥት ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋውን የጡረታ ዕዳ፣ ፍርድ ቤቶችንና እስር ቤቱን ተረከበ፤ በምትኩ ለከተማዋ በየዓመቱ ይሰጥ የነበረው ክፍያ ቀረ። አራት ዓመት ተከታታይ ሚዛናዊ በጀት ከተመዘገበ በኋላ ቦርዱ በሴፕቴምበር 2001 ሥራውን አቆመ። ሕጉ ግን አልተሻረም። ከተማዋ ደመወዝ ወይም የጡረታ መዋጮ መክፈል ቢያቅታት፣ የቦንድ ዕዳዋንም በቀኑ ባትከፍል፣ ቦርዱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የመጠባበቂያ ገንዘቡ ሥርዓት የቆመው በዚህ ስጋት ላይ ሲሆን አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ በኮንግረስ የታዘዙ ናቸው። የመጀመሪያው የአስቸኳይ ጊዜ መጠባበቂያ ከዓመታዊ የሥራ ማስኬጃ ወጪ 2 በመቶ ሲሆን፣ እንደ ተፈጥሮ አደጋና እንደ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላሉ ድንገተኛ ሁኔታዎች ነው። ሁለተኛው፣ 4 በመቶ የሆነው፣ ላልታሰበ ወጪና ለድንገተኛ የገቢ መቀነስ ያገለግላል። ከሁለቱ የወጣ ገንዘብ ቢያንስ ግማሹ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት፣ ቀሪው በሁለተኛው ዓመት መመለስ አለበት። ሌሎቹን ሁለቱን ያቋቋመው ምክር ቤቱ ራሱ ነው፤ አንደኛው 2.34 በመቶ የበጀት ማረጋጊያ፣ ሌላው 8.33 በመቶ ያን የክረምት ቀዳዳ መድፈኛ። አራቱ ሲደመሩ 16.67 በመቶ ይሆናሉ። ይህም ገቢ በሙሉ ቢቋረጥ ከተማዋን ለሁለት ወር የሚያንቀሳቅስ ገንዘብ ነው። መጠባበቂያው ከሞላ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ግማሹ ለተመጣጣኝ ዋጋ መኖሪያ ቤት ግንባታ ፈንድ፣ ግማሹ ያለ ብድር ለሚሠሩ የካፒታል ሥራዎች እንዲውል በሕግ ተደንግጎ ነበር።

ምክር ቤቱ ሁለቱን የጨመረው በከፈለው ዋጋ ተምሮ ነው። በ2005 የከተማዋ ጠቅላላ ቀሪ ሂሳብ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከዚሁ እየተቀነሰ ለመደበኛ ወጪ ሲውል ቆይቶ፣ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ሲጨመርበት በ2010 ወደ 890 ሚሊዮን ወረደ። በአብዛኛው የተሟጠጠው ሕግ ያላጠረው ክፍል ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ የራሱን እጅ የሚያስር ሕግ አወጣ። ሁለቱ ወር የሞላው በ2010ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ሙዲስ የተባለው የብድር ደረጃ አውጪ ድርጅት በጁላይ 2018 ለከተማዋ ከፍተኛውን ደረጃ ሰጣት።

መጠባበቂያው ለምን እንደሚጠቅም በጉልህ የታየው በኦክቶበር 2013 ነው። ኮንግረስ በጀት ላይ ባለመስማማቱ የፌዴራል መንግሥት ለ16 ቀናት ሲዘጋ፣ የዲሲ የራሷ ገንዘብም አብሮ ታገደ። ከንቲባ ቪንሰንት ግሬይ የከተማዋ ሠራተኞች በሙሉ አስፈላጊ ናቸው ብለው ሁሉንም ሥራ ላይ አቆዩ፤ ደመወዙም ቀድሞ ከተፈቀደው የ4 በመቶ መጠባበቂያ ተከፈለ። ቤተ መጻሕፍት አልተዘጋም፣ ቆሻሻም መነሳቱን አላቆመም።

የ2020 ፈተና ግን ሌላ ነበር። ኮሮና ምግብ ቤቶችንና ሆቴሎችን ሲዘጋ የዓመቱ የገቢ ትንበያ በ722 ሚሊዮን ዶላር፣ የቀጣዩ በ774 ሚሊዮን ተቀነሰ። የፌዴራሉ ሕግ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ወጣ። ከመጠባበቂያው የሚወጣው በሁለት ዓመት ውስጥ መመለስ ካለበት፣ ገቢው ከሁለት ዓመት በላይ ለሚዳከም ከተማ ዛሬ የሚወስደው ነገ የሚቆረጥበት ዕዳ ይሆናል። ከዚህም በላይ ኮንግረስ በመጀመሪያው የእርዳታ ሕግ ዲሲን ከስቴቶች ነጥሎ ከግዛቶች ጋር በመመደቡ፣ ከ1.25 ቢሊዮን ይልቅ 495 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ደረሳት። ቀሪው 755 ሚሊዮን የተሰጠው በማርች 2021 ነው።

በማርች 2025 ደግሞ የትኛውም መጠባበቂያ የማይደፍነው ቀዳዳ ተከፈተ። ኮንግረስ ባጸደቀው የፌዴራል በጀት ማራዘሚያ ሕግ ውስጥ፣ ዲሲ በራሷ ባጸደቀችው በጀት እንድትቀጥል የሚፈቅደው የተለመደ አንቀጽ ቀረ። የበጀት ዓመቱ ሊጋመስ ሲል ከተማዋ ወደ 2024ቱ የወጪ ጣሪያ እንድትመለስ ታዘዘች፤ ቅነሳው 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ገንዘቡ ከነዋሪው የተሰበሰበ የከተማዋ የራሷ ገንዘብ ነው፤ የታጣው የማውጣት ፈቃድ ነው። የኮንግረሱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፈቃዱን የሚመልስ ማስተካከያ ወዲያው ቢያጸድቅም የተወካዮች ምክር ቤት ሳያነሳው ቆየ። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በ2009 በወጣ ሕግ መሠረት ወጪን በ6 በመቶ የማሳደግ ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ክፍተቱን ወደ 410 ሚሊዮን አወረዱት፤ አዲስ ቅጥርና የትርፍ ሰዓት ክፍያም ታገደ።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2025፣ ዋና የፋይናንስ ኃላፊው ወደ 40,000 የሚጠጉ የፌዴራል ሥራዎች ከከተማዋ ሊጠፉ እንደሚችሉ ገምተው የሦስት ዓመቱን የገቢ ትንበያ በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቀንሰው ነበር። በኤፕሪል ሙዲስ በ2018 የሰጠውን ከፍተኛ ደረጃ በአንድ እርከን ዝቅ አደረገው። በምክንያትነት የጠቀሰው የፌዴራል ሠራተኛና የኮንትራት ቅነሳውን እንዲሁም የቢሮ ሕንፃዎችን ገበያ መዳከም ነው።