በማኅበራዊ ሚዲያ የሚቀርብ የእርዳታ ጥሪ እንዴት ይጣራል?

በየካቲት 2017 ዓ.ም ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሕንፃ ማስጨረሻ በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት በተካሄደው የገቢ ማሰባሰቢያ ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙዎች ለግሰዋል። ማዕከሉ የታወቀ በመሆኑ ለጋሹ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

በቴሌግራምና በፌስቡክ ስለ አንድ ሕመምተኛ የሚለቀቅ ጥሪ ግን ይህ ዋስትና የለውም፤ አጭበርባሪዎች የሕመምተኛውን ፎቶ ወስደው የራሳቸውን የሂሳብ ቁጥር ይለጥፉበታል። ስለዚህ የዓለም ከተማ ነዋሪም ሆነ የመርሐቤቴ ገበሬ ብር ከመላኩ በፊት የሐኪም ማስረጃውንና የሂሳቡን ባለቤት ስም ሊያይ፣ ሕመምተኛውን ከሚያውቅ የቀበሌው ሰውም ሊጠይቅ ይገባል።

በእድር ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሚለያዩት ገንዘቡን ብቻውን የሚያዝበት ሰው እንዳይኖር ነው። ይኸው ሥርዓት በስልክም ይሠራል፦ ሂሳቡ በጣምራ ፊርማ ይከፈት፤ ገቢውና ወጪው ለለጋሾች ይገለጽ። ሐሰተኛ ጥሪ የሚወስደው ብር ብቻ አይደለም፤ ለእውነተኛው ሕመምተኛ የሚዘረጋውንም እጅ ያሳጥፋል።