እናታችሁን በስኩተር ክሩዝ ልትወስዷቸው ነው? መጀመሪያ ይሄን አንብቡ

አሜሪካ የምትኖሩ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ነው። «ዶክተር፣ እናታችን ብዙ መራመድ ስለማይችሉ በባትሪ የሚሄድ ስኩተር ይጠቀማሉ። ከማያሚ ተነስተን ካሪቢያን በክሩዝ ልንወስዳቸው አስበናል፤ ይችሉት ይሆን?»

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ይችላሉ። ሻንጣ በየቀኑ ማሰርና መፍታት የለም፤ አሳንሰር አለ፤ ምግቡም እዚያው ነው። እንደ ሐኪም ግን ከስኩተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚጠጡት ውሃ ነው።

ለምን ውሃ?

በስኩተር ለሚንቀሳቀስ ሰው ሽንት ቤት መሄድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ተራው የመርከብ ክፍል መታጠቢያው ጠባብ ነው። ወደብ ላይ ደሞ የሚመች ሽንት ቤት ላይገኝ ይችላል። ታዲያ ብዙ ሰው ለማንም ሳይናገር ውሃ መጠጣት ይቀንሳል። ስትጠይቋቸው «አልጠማኝም» ይላሉ። እድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ስለሚቀንስ እውነትም ላይጠማቸው ይችላል።

መድኃኒቱን ደሞ ጨምሩበት። ላሲክስና ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሳሰሉ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ፈሳሽ ያስወጣሉ። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ደሞ ሰውነት ፈሳሽ ሲያጥረው ኩላሊትን ለጉዳት ያጋልጣሉ። በዚያ ሙቀት ውሃ ሲቀነስ ግፊት ይወርዳል፤ ከስኩተሩ ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ ይወድቃሉ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ሲደክመው ጥላ ይፈልጋል፤ ስኩተር ላይ የተቀመጠ ግን ሳይታወቀው ፀሐይ ላይ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

👉 ክፍል ስትይዙ፦ ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀ ክፍል ጠይቁ። በሩ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ መታጠቢያው መደገፊያ እጀታ አለው፤ ሻወሩም ደፍ የለውም። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙ። ኮሪደር የአደጋ ጊዜ መውጫ ስለሆነ ስኩተር እዚያ ማቆም አይፈቀድም፤ የሚቆመውም ቻርጅ የሚደረገውም ክፍል ውስጥ ነው። ሽንት ቤቱ ከተመቻቸው ውሃውን አይፈሩትም።

👉 ወደቡን እወቁ፦ ኮዙሜልና ናሳው ላይ መርከቡ ወደቡን ተጠግቶ ስለሚቆም በስኩተር መውረድ ይቻላል። ግራንድ ኬይማንና ቤሊዝ ሲቲ ላይ ግን መርከቡ ባሕሩ ላይ ቆሞ ሰው በትንንሽ ጀልባ ነው የሚሻገረው። ከባድ ስኩተር ላይጫን ይችላል፤ ማዕበል ካለ ደሞ ጭራሽ አይሆንም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ድርጅቱን ጠይቁ።

👉 ውሃን በሰዓት፦ ጥም አትጠብቁ፤ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ስጧቸው። ሽንታቸው ከጠቆረ አንሷቸዋል ማለት ነው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን መጠኑን ሐኪማቸው ይወስን። መድኃኒትም በራሳችሁ እንዳታቋርጡ! ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን «ሙቀት ቦታ ስንሄድ መጠኑ ይስተካከል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

👉 ፀሐዩን ሽሹ፦ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ወይም ኤሲ ያለበት ቦታ ይሁኑ። ስኩተር የሚጠቀሙት በኅብለ ሰረሰር ጉዳት ከሆነ ከጉዳቱ በታች ያለው አካላቸው ላያልባቸው ስለሚችል ቆዳቸውን በውሃ አርጥቡላቸው። ኤምኤስ ያለበት ሰውም በሙቀት ድካሙ ይብስበታል።

👉 መቀመጥ ብቻ አይሁን፦ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱ፤ መነሳት ካቃታቸው ክብደታቸውን ከጎን ወደ ጎን ያዛውሩ። ማታ መቀመጫቸውና ተረከዛቸው ቀልቶ እንደሆነ እዩ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይያቸው።

መቼ ነው የምትሮጡት?

ሙቀት ላይ ቆይተው ንግግራቸው ከተምታታ፣ ግራ ከተጋቡ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ «ደክሟቸው ነው፣ ይተኙ» አትበሉ። ይሄ አጣዳፊ ሁኔታ ነው። የመርከቡን ሐኪም ጥሩ፤ እስኪደርስ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ልብሳቸውን አላልታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አርሷቸው፣ አራግቡላቸው። በደንብ ካልነቁ በአፋቸው ምንም አትስጡ።

በነገራችን ላይ፣ የመርከብ ላይ ሕክምና ይከፈልበታል። መደበኛው ሜዲኬር ደሞ መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ርቆ ሳለ የተደረገን ሕክምና አይሸፍንም። ስለዚህ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ።

እናታችሁ «ሽንት ቤት አስቸግራችኋለሁ» ብለው አፍረው ውሃ እንዳይተዉ እናንተው ቀድማችሁ ንገሯቸው፦ «እማዬ፣ እንደፈለግሽ ጠጪ፣ እኛ አለን።» ከየትኛውም ምክሬ ይልቅ የሚጠቅማቸው ይሄ ነው።

ወላጆቻቸውን ይዘው ለመጓዝ ላሰቡ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጉዞ፣ ጤና ይብዛላችሁ!