ደመወዝተኛ ተለማማጅ

በ2003 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዳር በሚገኝ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ንብረት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ሲሚንቶ፣ ፌሮና የቧንቧ ዕቃ እረከባለሁ፤ በወጪ ደረሰኝ አስወጣለሁ፤ ማታ ቆጥሬ አስታርቃለሁ። የመጋዘን ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔም ኤልቦን ከቲ፣ ኒፕልን ከዩኒየን ለይቼ በስሙ ስለምጠራ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ለመሆን የቀረኝ ወረቀት ብቻ መስሎኝ ነበር። በዚሁ ስሜት በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ ሳኒተሪ ለመማር ተመዘገብኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ዓላማው ቤት መሥራት ብቻ አልነበረም። ሥራ መፍጠርና ባለሙያ ማፍራትም ነበረበት። ብሎኬት የሚያመርቱ፣ ቢም የሚያዘጋጁ፣ በርና መስኮት የሚበይዱ፣ የመብራትና የቧንቧ መስመር የሚዘረጉ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ እየተደራጁ ሥራ የተሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ደግሞ የጀርመኖቹን ልምድ በመከተል ሥልጠናው በኮሌጅ ግቢ ብቻ እንዳይቀር ደነገገ። «የትብብር ሥልጠና» የሚባለው ይህ ነው። እንደ መርሁ ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ ያልፋል። ሠልጣኙ በድርጅቱ ውስጥ ምን እንደሠራ የሚመዘገብበት ሎግ ቡክ አለው፤ እዚያ የሚፈርመው የድርጅቱ አሰልጣኝ ነው። በመጨረሻ የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው፣ ይመጣል። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። በመካከል ሐ የሚባል ነገር የለም።

ሥራ የሌለው ሠልጣኝ ችግሩ የሚቀበለው ድርጅት ማጣት ነው። ሥራ ያለው ሠልጣኝ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ስለሱ ሲነገርም ብዙ አልሰማም። የትብብር ደብዳቤዬን ይዤ እዚያው ሳይት ላይ የቧንቧ ሥራውን ወደ ወሰደው ማኅበር ሄድኩ፤ ወዲያው ተቀበሉኝ። የኔ አሠሪም «ከሰዓት በኋላ ከነሱ ጋር ሁኚ» ብሎ ፈቀደ፤ ደመወዜም አልተነካም። ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ከሰዓት በኋላ ግን የጭነት መኪና ይመጣል። ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ በር ላይ ቆሞ ስቶር ኪፐሯ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ልትለማመድ አትችልም (ፎቁ እንኳ አራት ነበር፤ በዚያ ደረጃ የወጣ ግን ስድስት ይመስለዋል)። እጠራለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ስመለስ መስመሩ ተገጥሞ ግንበኛው ልስን ጀምሯል። ማኅበሩም ቢሆን እኔን የፈለገኝ ለሌላ ነገር ነበር። ዕቃ ቶሎ የሚያወጣላቸው ሰው አገኙ። ፎቅ ላይ በደረስኩባቸው ቀናትም ሥራዬ ፊቲንግ መቁጠርና ማቀበል ሆነ። ሎግ ቡኩ ለወራት ባዶውን ከረመና በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሻይ ላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ተፈረመልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

ምዘናው ላይ የብረት ቧንቧ ቆርጬ፣ ጥርስ አውጥቼ፣ ቃጫ ጠምጥሜ ገጥሜ፣ በግፊት እንድፈትሽ ታዘዝኩ። መስመሩ ላይ ግፊት ሲሰጥ ከሁለት ቦታ ጠብ ጠብ አለ። «ገና ብቁ ያልሆነ»። ቃሉ ጨዋ ነው፤ «ገና» የምትለዋ ግን በዚያን ዕለት አላጽናናችኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉን ያነበብኩት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377ም ሆነ በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1156 ሙያ ለመልመድ ስለሚደረግ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ክፍያና የሥራው ሁኔታ ይገለጽበታል። አሠሪው ተለማማጁን ከሙያው ጋር ግንኙነት በሌለውና ለሥልጠናው በማይረዳ ሥራ ላይ እንዳያሰማራ ተከልክሏል። ሲጨርስም የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በኔ እጅ የነበረው የኮሌጁ ደብዳቤ ብቻ ነበር። በቅጥር ውሌ ላይ ደግሞ «የንብረት ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ መኪናው ሲመጣ የጠራኝ ሰው አልበደለኝም፤ የተዋዋልኩትን ሥራ እንድሠራ ነው የጠራኝ። ሁለት ሰው ሆኜ አንዷን ብቻ በውል አስሬያት ነበር።

በሁለተኛው ዙር ያደረግኩት ይህን ነው። ለሦስት ወር ጠዋት ብቻ መጋዘን ልሥራ፤ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ረዳቴ ይያዝ፤ ከደመወዜም ሩብ ይቀነስ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ። አሠሪዬ ገንዘብ እንዲቀነስበት የሚጠይቅ ሠራተኛ አይቶ ስለማያውቅ ሁለት ቀን አሰበበት፤ ከዚያ ፈረመ። ሩብ ደመወዝ ቀላል አልነበረም። እኔ ራሴ በ1997ቱ ምዝገባ ተመዝግቤ ዕጣ የምጠብቅ፣ በሰው ቤት ኪራይ የምከፍል ነበርኩ። ግን ያ ሩብ ከሰዓቱን ገዛልኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ማንም አልጠራኝም።

ሌላው ለውጥ ሰው ነው። ማኅበሩን ትቼ በዕድሜ የገፉ አንድ የቧንቧ ባለሙያ ጋር ሆንኩ። ወረቀት የላቸውም፤ ሎግ ቡኩን መጀመሪያ ሲያዩት «ይሄ ደግሞ የዱቤ መዝገብ ነው?» ብለው ሳቁ። በመጀመሪያው ቀን ያፈሰሰውን መጋጠሚያ ሠርቼ አሳየኋቸው።

«ቃጫውን ወዴት ነው ያዞርሽው፣ ልጄ?»

«እንዲሁ ጠመጠምኩት፣ ጋሼ።»

«ጥርሱ በሚሄድበት ነው የሚጠመጠመው። በተቃራኒው ካዞርሽው ስታጠብቂው ይፈታል።»

ስምንት ወር ያልተነገረኝ ነገር ይህ ነበር። ከሳቸው የተማርኩት ሌላው ሁሉ የዚህ ዓይነት ነው። የፍሳሽ ቱቦ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ቁልቁለቱ ካነሰ ይቆማል፤ ከመጠን በላይ ከሆነም ውኃው ቀድሞ ይሄድና ጠጣሩ ይቀራል። የውኃ መስመር የግፊት ፍተሻ ሳይደረግለት ልስን አይነካውም። ቱቦ ማሳለፊያ ሲፈለግ ብሎኬቱ ይቀደዳል እንጂ ቢሙ አይነካም፤ ፌሮ የቆረጠ ሰው ከሳቸው ጋር ዳግም አይሠራም። በኮንዶሚኒየም የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። በልስን ውስጥ የተቀበረ አንድ የላላ መጋጠሚያ የሚያስከፍለው የሠራውን ሳይሆን ከታች ያለውን ባለ ዕጣ ነው። መጋዘን ሳለሁ ይህ መጋጠሚያ ለኔ በደረሰኝ ላይ «1 ፍሬ» ብቻ ነበር።

ሎግ ቡኩን በየሳምንቱ ዓርብ አብረን እንሞላ ነበር። እኔ ያነበብኩላቸውን «ይህን ብቻሽን ሠርተሻል፣ ፈርሚ አምጪ» ወይም «ይህን አይተሻል እንጂ አልሠራሽም» ይሉ ነበር። ያልሠራሁት ቦታ ባዶ ይተዋል። ደብተሩ ሲያልቅ እንደ መጀመሪያው የሚያምር አልነበረም። በሁለተኛው ምዘና መስመሩ ጠብ አላለም።

ከመጋዘን ወጥቼ ወደ ጥገና ከተሸጋገርኩ ቆየሁ። ቴክኒክና ሙያው አሁን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ነው፤ የትብብር ሥልጠናውም አለ፤ ሎግ ቡኩም እስካሁን ይመጣልኛል፤ አሁን ግን ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል መሐንዲሶችና የሰው ሀብት ኃላፊዎች ብዙ ትሆናላችሁ፤ ከናንተም ቅዳሜ ከሰዓት የፈረመ አይጠፋም። ባለፈው ሳምንት አንድ የፅዳት ሠራተኛ የሆነ ልጅ የወር ሎግ ቡኩን አምጥቶ ሰጠኝ። አሥራ አንድ መስመር ሞልቷል፤ አራቱን ፈርሜ መለስኩለት። ተቀየመኝ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ሰኞ ጠዋት ከፅዳት ሥራው ለሁለት ሰዓት እንዲለቁት አለቃውን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ መልሱ ገና አልደረሰኝም።